አንድ ትርፍ ተመልካች

ሚስተር ኦርቪል ታገርት በየማለዳው፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። ከራስጌያቸው መሳቢያ ውስጥ መዳፍ የማትሞላ የብረት ቆጣሪ ያወጡና በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ቀጭ ያደርጓታል። በትንሿ መስኮት ላይ አንድ የሚል ቁጥር ብቅ ይላል። አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ ጎኗ ላይ ያለችውን ጉጥ አዙረው ወደ ዜሮ ይመልሷታል። ጨዋታ ኖረም አልኖረም፣ ሐምሌም ሆነ ጥር፣ ይህ አይቀርም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአውራጃው የሚዛንና የመስፈሪያ ተቆጣጣሪ ነበሩ። የነዳጅ ማደያውን፣ የሥጋ ቤቱንና የእህል መጋዘኑን ሚዛን ሲፈትሹ የኖሩ ሰው የራሳቸውን መሣሪያ ሳይፈትሹ ቀናቸውን አይጀምሩም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ውድድር በዓለም ላይ የለም። ሁለት ቡድንና አንድ ዋንጫ ባለበት ሁሉ፣ ከመቀመጫዎቹ በአንዱ ላይ፣ ያለፈውን በሙሉ የሚያውቅና እርስዎ የሚያውቁት ስሕተት መሆኑን የሚነግርዎ አንድ ሰው ተቀምጧል። “ያ ጨዋታ እኮ በዝናብ ነበር” ብለው ወግ ሲጀምሩ ከኋላዎ “ዝናቡ በማግስቱ ነው” የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ እሱ ነው። በኦሃዮ፣ በኮልተን ፎርክ ከተማ፣ በሸለቆው ኮሌጆች ማኅበር የወንዶች እግር ኳስ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ላይ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር ሚስተር ታገርት ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። ሊሽሯቸው የሞከሩ ሁለት የስፖርት ኃላፊዎች ግን ራሳቸው ተሽረው ሄደዋል፤ የተሻሩበትን ቀን ሚስተር ታገርት ያውቁታል።

ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አራት ኮሌጆች፣ ሁለት ቀን፣ አንድ ኳስ። ኳሱ አንድ ብቻ እንደነበር ሚስተር ታገርት ሳይጠየቁ ይናገራሉ፤ በግማሽ ፍጻሜው ወንዝ ገብቶ ጨዋታው ለሃያ ስድስት ደቂቃ ቆሟል። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሣው የከተማው ኮሌጅ ብራኬት ነው። ሚስተር ታገርትም በዚያ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ነበሩ ማለት፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበሩ። ሁለቱንም ቀን ማልያቸውን ለብሰው፣ የጫማቸውን ማሰሪያ ሦስት ጊዜ አጥብቀው፣ ከወንበሩ ሳይነሡ ውድድሩ አለቀ። የጨዋታ ቅጽ ደግሞ የሚጽፈው ሜዳ የገባውን ብቻ ነው። ስለዚህ በሃምሳ ሦስቱ ዋንጫዎች ታሪክ ውስጥ የእሳቸው ስም አንድም ቦታ የለም። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አይለወጥም። “አልገባሁም፤ ታዲያ ምን ተብዬ እጻፋለሁ?” ይላሉ።

ሁለት አባባል አሏቸው፤ ከተማው በሁለቱም ይመረራል። የመጀመሪያው “በመዝገቡ አቻ ነው” የሚለው ነው። በኮሌጅ እግር ኳስ ደንብ፣ የፍጻሜ ጨዋታ በተጨማሪ ሰዓትም ካልተለየ ዋንጫው በመለያ ምት ለአንዱ ይሰጣል፤ መዝገብ ላይ ግን ጨዋታው አቻ ተብሎ ነው የሚቀመጠው። ይህን የማያውቅ ብዙ ነው፤ የሚያውቀውም ዋንጫ ሲያይ ይረሳል። ሚስተር ታገርት አይረሱም።

አንድ ዓመት፣ ብሬንት ካልሁን የተባለ የጥርስ ሐኪም፣ የድሮ ተጫዋች ነው፣ ከቋሊማ መሸጫው ፊት ተሰልፎ ለሚስቱ ወንድም ያወራ ነበር።

“በዘጠና ሁለት እነዚህን የማርዌል ኮሌጅ ልጆች በፍጻሜው ድባቅ ነው የመታናቸው።”

“አልመታችኋቸውም” አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

“ምን አሉኝ?”

“በመዝገቡ አቻ ነው። ሁለት ለሁለት። ዋንጫውን ወሰዳችሁ እንጂ አላሸነፋችሁም።”

“አባባ፣ እኔ እኮ ሜዳ ውስጥ ነበርኩ።”

“አውቃለሁ። ስድሳ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ተቀይረህ ወጥተሃል።”

ዶክተሩ ቋሊማውን ሰናፍጭ ሳያስጨምርበት ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በብራኬት ሜዳ ሲገኝ፣ መጀመሪያ ዞር ብሎ ኋላውን አይቶ ነው የሚናገረው።

አሰልጣኝ ሊነስ ፌትሮ የተቀበሩ ቀንም እንዲሁ ሆነ። ቄሱ አስከሬኑ ፊት ቆመው “ለዚህ ከተማ ሦስት ዋንጫ ያመጡ ታላቅ ሰው” ሲሉ፣ ከአምስተኛው አግዳሚ “ሁለት ተኩል” የሚል ድምፅ ተሰማ። ጮክ ብሎ አልተነገረም፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ነው። ነገሩ የ1977 ነው፤ ፍጻሜው ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጨምሮበት አልለይ ብሎ፣ ሜዳው መብራት አልነበረውምና ጨለማው በረኞቹን ዋጣቸው። ዳኛው ኳሱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ መኪናው ሄደ። ዋንጫውን ሁለቱ ኮሌጆች ስድስት ስድስት ወር ሊያስቀምጡት ተስማሙ፤ ሁለተኛው ሲመልሰው አንዱ እጀታ አልነበረም። ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ሚስተር ታገርትን እየሸሸ ሲሄድ፣ የአሰልጣኙ ባለቤት በምርኩዛቸው ቀስ ብለው መጡና እጃቸውን ያዟቸው። “ሊነስም ቤት ውስጥ ሁለት ተኩል ነበር የሚለው” አሏቸው። ሚስተር ታገርት ይህን የሚያወሩት ማስረጃ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው አባባላቸው “ማን ቆጠረው?” የሚለው ነው። ድሮ የተመልካች ቁጥር የሚሞላው በግምት ነበር፤ መቶ አርባ ሰው ያየ የስፖርት ኃላፊ “ወደ አምስት መቶ ገደማ” ብሎ ይጽፍ ነበር። በ1989 ሚስተር ታገርት “ማን ቆጠረው?” ብለው ጠየቁ። ማንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ይቆጥራሉ። ስድስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሜዳው አጋማሽ ትይዩ፣ ብርዱን የሚስብ የብረት መቀመጫ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ በበሩ የገባውን ሁሉ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጉታል። ሕግ አላቸው። ክንድ ላይ ያለ ሕፃን ይቆጠራል። ውሻ አይቆጠርም። ከአጥሩ ውጭ ጉብታው ላይ ቆሞ በነጻ የሚያይ አይቆጠርም። መኪና ውስጥ ያለም አይቆጠርም።

ይህ የመጨረሻው ሕግ ባለቤታቸውን አርሊንን የሚመለከት ነበር። አርሊን ኳስ አትወድም ነበር፤ ግን እሳቸውን ሸኝታ መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ለኩሳ መጽሐፍ ታነብ ነበር። “ዛሬስ ተቆጠርኩ?” ትላቸዋለች ሲመለሱ። “በበሩ አልገባሽም” ይሏታል። ሃያ ዓመት ያህል ተቀላለዱ፤ ቀልድ መሆኑን የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ነበረች። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሁን በእሷ ወንበር ላይ የሚቀመጠው የመዝገብ ፋይላቸው ነው፤ ቀበቶ ያስሩለታል፤ አለበለዚያ መኪናው ይጮኻል።

በስድስተኛው ረድፍ፣ ከግራቸውም ከቀኛቸውም፣ ሁልጊዜ ባዶ ቦታ አለ። አላዋቂ እንግዳ መጥቶ ይቀመጥና በመጀመሪያው አጋማሽ ስለ 1983ቱ በረዶ፣ ነጩ ኳስ ወተት ውስጥ የወደቀ ይመስል ሲፈለግ ስለዋለበት ፍጻሜ ይሰማል፤ ለእረፍት ይነሣና ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ሚስተር ታገርት ይህንንም ያስተውላሉ። አንዴ የገባ ሰው ቦታ ቢቀይር ቁጥሩ አይለወጥም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከማኅበሩ አዲስ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣላቸው። የውድድሩ የኢንተርኔት የታሪክ ገጽ ለመጨረሻ ጊዜ ተስተካክሎ ሊዘጋ ነው፤ ከፍጻሜው ማግስት፣ ሰኞ እስከ እኩለ ቀን ድረስ፣ ያዩትን ስሕተት ሁሉ እንዲያሳውቁ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይነካም። ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበቡት። በሕይወታቸው የጠየቃቸው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ አልተነሡም። የባቄላ ሾርባቸውን ከድስቱ እየጠጡ፣ የገዛ ደብተራቸውን ከገጹ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ። ሠላሳ አንድ ስሕተት አገኙ፤ ሙሉ ተደርጎ የተጻፈው የ1977ቱ ግማሽ ዋንጫም አለበት። በመጨረሻ የተመልካቹ ቁጥር ላይ ደረሱ። ከ1989 እስከ 2000 ድረስ አንድም ልዩነት የለም። ከ2001 ጀምሮ ግን ገጹ ላይ ያለው ቁጥር ከእሳቸው ቁጥር በአንድ ይበልጣል። በየዓመቱ። ወረርሽኙ ውድድሩን ካስቀረበት ዓመት በስተቀር፣ ሃያ ሁለቱም ፍጻሜ ላይ፣ አንድ ትርፍ ሰው።

በ2001 የመዝጋቢዎቹን ጠረጴዛ የያዘችው ሎሬታ ኢሴልማን ናት። በሥራ ቀን የኮሌጁ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ በጨዋታ ቀን ሁለት ካፖርት ደርባ ሜዳው ጠርዝ ላይ ትቀመጥና ግቡን፣ ካርዱን፣ ቅያሪውን ትጽፋለች። ዕረፍት ላይ ሚስተር ታገርት ይመጡና ቁጥራቸውን ይሰጧታል። የእሑዱ ፍጻሜ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ፋይላቸውን ታቅፈው ፊቷ ቆሙ።

“ሚስተር ታገርት፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያሳስሩ ነው ፋይል ይዘው የመጡት?”

“አንቺን።”

“እሺ፤ ጓንቴን ላጥልቅና እጄን እሰጣለሁ።”

ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። “2001፤ እኔ የሰጠሁሽ መቶ ሰባ ስምንት፣ አንቺ የጻፍሽው መቶ ሰባ ዘጠኝ። 2002፤ እኔ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣ አንቺ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ልቀጥል?”

“ይቀጥሉ፤ ሲያነቡ ድምፅዎ ያምራል።”

“ሎሬታ።”

“ምን ላድርግ ታዲያ? የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ ዓይኔ ተሳስቶ ይሆናላ።”

“ሃያ ሁለት ጊዜ? ሁሌ በአንድ? ሁሌ ወደ ላይ? የተበላሸ ሚዛን እንኳ አንዳንዴ ወደ ታች ይስታል። አንድ ሥጋ ሻጭ አውቅ ነበር፣ ሲመዝን አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ የሚያሳርፍ። ይሄ እንደዚያ ነው። የሰው ጣት አለበት።”

ሎሬታ ብዕሯን አስቀመጠች። ሚስተር ታገርት ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ።

“ማነው ሰውዬው? ሃያ ሁለት ዓመት በነጻ ሲገባ የኖረው?”

“በነጻ አይገባም። ትኬት ይቆርጣል። የነጻ መግቢያ ቢሰጡትም እምቢ ብሎ ይቆርጣል።”

“በየትኛው በር?”

“በምሥራቁ። ከሰው ሁሉ ቀድሞ ነው የሚመጣው። ስድስተኛው ረድፍ ላይ፣ መሐል ላይ ይቀመጣል።”

ሚስተር ታገርት ቀና ብለው ስድስተኛውን ረድፍ አዩ። ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበር። መሐሉ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው።

“እኔ ቆጣሪ ነኝ” አሉ በመጨረሻ። “ሚዛን ከዜሮ ነው የሚነሣው። የራሱን ክብደት አይጨምርበትም።”

“ሚዛን ትኬት አይቆርጥም፣ ሚስተር ታገርት።”

ኪሳቸው ውስጥ የቀኑ ትኬት ቅዳጅ ነበረች፤ በጣታቸው ዳሰሷት። ለዚህ የሚሆን ደንብ በአእምሯቸው ፈለጉ፤ አጡ።

“የመጀመሪያው ዓመት ዝናብ ነበር” አለች ሎሬታ። “ዝናብ አልነበረም ይበሉኝ እስቲ።”

“ነበር። ከሃያኛው ደቂቃ ጀምሮ።”

“ሰዉ ሁሉ ሸሽቶ ጣሪያው ሥር ገባ። እርስዎ ብቻዎን እዚያ ቀሩ። በዕረፍት መጥተው ቁጥሩን ሰጡኝ፤ ከባርኔጣዎ ውኃው እየወረደ። እና ‘ራስዎን ጨምረዋል?’ ስልዎ እንደ እብድ አዩኝ። በእርስዎ ቁጥር ያ ረድፍ ባዶ ነው። እኔ ግን ሰው አይቼበታለሁ። ያየሁትን ጻፍኩ።”

“ቁጥሩ ግን...”

“ያርሙታ። ቀኑ እስከ ነገ ነው አይደል? ሃያ ሁለቱንም ይሰርዟቸው፤ አልከራከርዎትም። ደግሞም ከዛሬ በኋላ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አልገኝም። እናቴ ብቻዋን ናት፤ ከገና በፊት ወደ ኒው ሜክሲኮ እሄዳለሁ።”

ሚስተር ታገርት ፋይሉን አጠፉ፤ መልሰው ከፈቱት፤ እንደገና አጠፉት።

“ከዛሬው ጋር ሃያ ሦስት ፍጻሜ” አሏት። “አንድም ቀን አልቀረሽም።”

“አየሽ አንቺ ሴት፣ የሚቆጥርሽም ነበር” አለች ለራሷ፤ ወዲያው ብዕሯን አንሥታ የተጫዋቾቹን ዝርዝር መገልበጥ ጀመረች።

ጨዋታው የብራኬትና የማርዌል ነበር፤ አንድ ለአንድ አለቀ። ተጨማሪ ሰዓቱም አልለየውም። በመለያ ምት የማርዌል አምስተኛ መቺ ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ሲሰዳት የብራኬት ደጋፊ እንደ ጎርፍ ሜዳ ገባ፤ የጥርስ ሐኪሙ ካልሁንም ካፖርቱን እያውለበለበ ከመሐላቸው ነበር። መቀመጫዎቹ ባዶ ቀሩ። ሚስተር ታገርት ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ “በመዝገቡ አቻ ነው” አሉ። የሰማቸው የለም።

ያን ዕለት ዕረፍት ላይ ቁጥር ሳይሰጡ ቀርተው ነበር። ወርደው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ።

“ስንት?” አለች ሎሬታ።

“ሁለት መቶ አርባ ሦስት።”

ብዕሯ ቅጹ ላይ ቆመ። “እንዳሉት ልጻፈው?”

ሜዳው ላይ ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አዲሱ እጀታ ከአሮጌው ትንሽ ይነጣል፤ ሁልጊዜ ያዩታል።

“መዝጋቢዋ አንቺ ነሽ” አሉ። “ያየሽውን ጻፊ።”

ሁለት መቶ አርባ አራት ብላ ጻፈች፤ አሸዋ የነካ ይመስል ወረቀቱን እፍ ብላ አጠፈችው።

ሰኞ ጠዋት ሚስተር ታገርት ሠላሳ አንዱን እርማት ላኩ። ከዝርዝሩ በታች “የተመልካች ብዛት” የሚል ርእስ ነበር። ከዚያ በሥራ ዘመናቸው በሺዎች በሚቆጠሩ ሚዛኖች ላይ የለጠፉትን ቃል ጻፉ፦ “ተፈትሿል። ልክ ነው።” የሰው ጣት ያለበት ሚዛን ላይ ሲጽፉት ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ገጹ እኩለ ቀን ላይ ተዘጋ።

በየካቲት ከኒው ሜክሲኮ ፖስት ካርድ መጣ። “እዚህ ፀሐይ ብቻ ነው፤ ኳስ የሚባል የለም” ይላል። ሚስተር ታገርት ከሎሬታ እናት ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ ርቀት ውስጥ የወንዶች ቡድን ያላቸውን ኮሌጆች ዝርዝር፣ ከተቋቋሙበት ዓመት ጋር፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈው መልስ ላኩላት። በካርዱ ላይ የነበረውንም የቀን ስሕተት በትሕትና አመለከቱ።

ዘንድሮ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ከጽሕፈት ቤቱ የተላከ ጨዋ ሰው ነው፤ የሚጽፈው በጣቱ በሚነካው የታብሌት መስታወት ላይ ነው። በዐርቡ ግማሽ ፍጻሜ፣ ዕረፍት ላይ፣ ሚስተር ታገርት ወረዱ። “ስንት?” አላቸው ቀና ሳይል። “መቶ ሠላሳ አንድ” አሉት። ነካ ነካ አደረገው፤ አለቀ። ጥቂት ቆሙ፤ ሌላ ጥያቄ አልመጣም። ቤታቸው ገብተው የዘንድሮውን አዲስ ገጽ ከፈቱት። መቶ ሠላሳ አንድ ይላል። ዘግተው እንደገና ከፈቱት። መቶ ሠላሳ አንድ። ከደብተራቸው ጋር አንድም ልዩነት የለም። በዚህ ቁጥር መሠረት ዐርብ ዕለት ስድስተኛው ረድፍ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

እሑድ ማለዳ ሚስተር ታገርት እንደወትሯቸው ፊታቸውን ሳይታጠቡ መሳቢያውን ከፈቱ። ቆጣሪዋን አወጡ፤ በአውራ ጣታቸው ቀጭ አደረጓት። በመስኮቷ ላይ አንድ የሚል ቁጥር ብቅ አለ። ሌላኛው እጃቸው ወደ ጉጧ ሄደ፤ እላይዋ ላይ ቆየ። ከዚያ ሳያዞሯት፣ እንዳለች፣ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ጨመሯት።

በሩ የተከፈተው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።